በቅሎ የጠበቀበት ማታ፦ ስለ አንድ የባሕር ዳር አዝማሪ ቤት

መጀመሪያ ስለ ጥብሱ ልናገርና ልገላገል፤ ደረቅ ነው። ሽንኩርቱ ከሥጋው ይበዛል፣ ቃሪያው ጠውልጎ ነው የሚመጣው፣ 650 ብር ደግሞ ያስከፍላሉ። እኔ በአይሱዙ እህል ጭኜ ከደጀን ባሕር ዳር ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ሹፌር ነኝ። በዚህ መስመር ጥብስ የት እንደሚበላ ከእኔ ወዲያ የሚነግራችሁ የለም፤ ይህ ቤት የጥብስ ቤት አይደለም። ጣና ዳር ቆሮሶ ዓሣችሁን በልታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ።

ጠጁም ያው ነው። ብርሌው 120 ብር ነው፣ ሲቀዳ ቀለሙ ያምራል፣ ሁለተኛው ላይ ግን ምላስ ላይ የሚቀረው የማር ሳይሆን የስኳር ጣዕም ነው። ጎጃም ተቀምጦ፣ ማሩ በየገበያው ሞልቶ ሳለ ስኳር ማብዛት ምን ይባላል? ለባለቤቷ ይህንኑ ብነግራት «ልጄ፣ የማሩን ዋጋ ጠይቀሃል?» አለችኝ። ጠይቄያለሁ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ነውር ነው። ስለዚህ ነገር ወቀሳ ስላለኝና ሴትዮዋም ደግ ስለሆነች የቤቱን ስም አልጽፍም። ባጃጅ ይዛችሁ «አዝማሪ ቤት» ብትሉት ሁለት ሦስት ቦታ ያዞራችኋል፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት፣ ግድግዳው ላይ የቆዳ ጋሻና አንድ የተሰበረ ማሲንቆ የተሰቀለበት፣ ከዱካና ከመደብ ሌላ መቀመጫ የሌለው ቤት ካገኛችሁ እሱ ነው።

እንግዲህ ጥብሱ ደረቅ፣ ጠጁ ስኳር፣ ሽንት ቤቱም ለወንድ እንጂ ለሴት የማይመች ከሆነ ለምን ትሄዳለህ ትሉኛላችሁ። በዕድሜዬ በዓይኔ ካየሁት ጨዋታ ሁሉ የሚበልጠውን ያየሁት እዚያ ቤት ስለሆነ ነው።

ብዙ አላየህም እንዳትሉኝ። ጥር 2010 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን ነበርኩ። ሰው እንደ ጤፍ ፈሶ፣ እኔ ከቆምኩበት ሆኜ ቴዲን የማየው በአውራ ጣቴ ልክ ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ሲዘፍን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር እስኪነዝረኝ ድረስ ነው የወጣሁት። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ መኪናዬን አቁሜ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ፈረስ ባንድ ላይ ሲነሣ መሬቱ ከጫማ ሥር ይሰማል፤ አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ ዘንጉን ጥሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እነዚህን ረስቼ አይደለም የምናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ባሕር ዳር አሠራነው። ሐኪሙ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ «ነገ ጠዋት መጥታችሁ ይፈታል» አለን። ማደር ሊኖርብን ነው። ማክሰኞ ነበር። አልጋ ይዘን ቁጭ ብንል ጋሼ ግድግዳውን በአንድ ዓይኑ ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። «ተነሥ ጋሼ፣ ማሲንቆ እንስማ» አልኩት። «አንተ ልጅ አብደሃል? ዓይኔ ታስሮ ጭፈራ ቤት?» አለኝ። «የሚሰማው በጆሮ ነው» አልኩት። ጠጅ ይጠጣ አይጠጣ ሐኪሙን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁና።

ስለ ጋሼ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ደጀን ላይ የሚታወቀው በእህል ነጋዴነቱ ነው። ሰው የማያውቀው፣ በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ እንደነበር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ ዲማ ጊዮርጊስ ወረደ፤ ሦስት ዓመት ቆየ። እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የነከሰው ውሻ ጥርስ እስከ ዛሬ አለ። አባታችን ሲሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ መጣና የእህል ሚዛን ያዘ። እኔን ያሳደገኝ ያ ሚዛን ነው። ስለ ዲማ አንድም ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ቅኔ ሲቀኙ ብቻ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ግእዙ ስለማይገባኝ የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር።

ስንገባ ሰው የለም። ቆጠርኩ፤ ከእኛ ጋር ዘጠኝ። አንድ ጥግ ላይ ከባንክ የወጡ የሚመስሉ አራት ልጆች፣ ሌላው ጥግ ባልና ሚስት፣ አንድ ብቻውን የሚጠጣ ሰው። ድምፅ ማጉያው ተዘግቷል፤ ለዘጠኝ ሰው ማን ይከፍተዋል። አስተናጋጇ ዱካ እያቀረበች «ከየት ናችሁ ጌቶቼ?» አለች። «ደጀን» አልኳት። የጠየቀችው ለራሷ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

አዝማሪው ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ማሲንቆውን ያሞቃል። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ የጣና አየር ደግሞ ማታ ማታ እርጥብ ነው። ገበታውን ወደ ከሰሉ ጠጋ ያደርገዋል፣ በጣቱ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንደገና ያሞቃል። እናት የልጇን ግንባር ስትዳስስ እንደምታደርገው ነው። ከዚያ የፈረስ ጭራውን ደጋን በሙጫ አሸ፣ መቃኛውን ጠመዘዘ፣ ተነሣ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ ከጋሼ ያንሳል። ቀጭን ነው፤ ነጭ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ ጫማው ተረከዙ ጋ ተበልቷል። አብራው የምትዘፍነው ሴት ክፍሉን አንዴ ዞራ አየችና ተቀመጠች። ለዘጠኝ ሰው ትከሻ አይባክንም።

በትዝታ ቅኝት ጀመረ። ባልና ሚስቱን አሞገሰ፣ የባንክ ልጆቹን ስለ ክራቫታቸው አሾፈባቸው፣ ሃምሳ ሃምሳ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ከዚያ ወደኛ መጣና በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመ፦

እንግዳው ከየት ነው ብዬ ስጠይቅ፣
ደጀን ነው አሉኝ፣ ደጀን ስናፍቅ።

ሳቅን። ሰሙ ሀገራችን ነው፣ ወርቁ «ኪሳችሁን ፍቱ» ነው። መቶ ብር ሰጠሁት። ጥሩ አዝማሪ በዚህ ይታወቃል፤ የገባኸውን ሰው ዓይቶ ነው የሚሸምንህ። በካሴት የሰማኸውን ግጥም የሚደግምልህ ግን ደመወዝተኛ ነው። የእኛው ግን ገንዘቡን ይዞ አልሄደም። እጄን፣ የመሪ ጠባሳ ያለበትን መዳፌን አየ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቅኝቱን ወደ አምባሰል ለወጠና፦

ከቡሬ ተነሣሁ ማልጄ በጠዋት፣
ፍኖተ ሰላምን የት ሄጄ ላግኛት?

አለ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ቅርብ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላው ፍኖተ ሰላም ግን፣ የሰላም መንገዱ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ማን ይናገራል። የባንክ ልጆቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። ብቻውን የሚጠጣው ሰው ብርሌውን ሳያነሣ ቀረ። እኔ ያንን መንገድ በሳምንት ሁለት ጊዜ የማልፈው ሰው ነኝ፤ ስለሱ ከዚህ በላይ እዚህ አልጽፍም። ከጎኔ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ «ይበል!»

ጋሼ ነው። ጥሩ ቅኔ ሲሰማ የቅኔ ቤት ሰው የሚላት ቃል ናት። አዝማሪውም ሰማት። ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ቀስ እያለ መጣና ጋሼ ፊት በርከክ አለ። «ጌታዬ፣ ልቀበል?»

አዝማሪ ቤት የገባችሁ ታውቃላችሁ፤ «ተቀበል» ይላል ሰካራም ሁሉ፤ አንዱ ስለ ፍቅረኛው፣ አንዱ ስለ አለቃው ቤት የማይመታ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው አሳምሮ ይዘፍንለታል፣ ብር ይቀበላል። ጋሼ እንዲህ ያለውን አይወድም። እምቢ ይላል ብዬ ለይቅርታ መቶ ብር ከኪሴ ላወጣ ስል፣ ጋሼ አንገቱን ደፋ። ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሚዛን ላይ ኩንታል ሲቆጥር እንዲህ ሲያደርግ አውቀዋለሁ። ያን ማታ ግን የሚቆጥረው እህል አልነበረም። ቅኔ ተማሪ ቅኔ ይቆጥራል እንጂ ይጽፋል አይባልም፤ በልቡ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ ትንሿ ቅኔ። ጀማሪ የሚቆጥራት እሷን ነው።

ማሲንቆው ቀጥኖ ይጠብቃል። ጋሼ ባልታሰረው ዓይኑ ቀና ብሎ፣ በአማርኛ፣ እንዲህ አለ፦

ቆሎ ብዬ ወጣሁ ገና በልጅነቴ፣
እህል ስሰፍር ኖርኩ፣ ጠኔው አለ ካንጀቴ።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም፤ የማየው አስፋልት ላይ ጭጋግ ሲወርድ እንደሚመስለው ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ሰው ያሳደገኝ እየተራበ መሆኑን የሰማሁት ገና ያኔ ነው። አዝማሪው የጋሼን ቤት ተቀብሎ አንዴ ዘፈናት። «ጠኔው» ላይ ሲደርስ ደጋኑን ጎትቶ፣ ጎትቶ፣ ድምፁ ሊበጠስ ሲል ያዘው። ሁለተኛ ይዘፍናታል ብዬ ስጠብቅ ቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ መለሰለት፦

ቆሎ አይበቅልም ብሎ ማን አታለለህ?
የዘራኸው ሁሉ በቅሎ ጠበቀህ።

መጀመሪያ የገባኝ ሰሙ ብቻ ነበር። ቆሎ የተቆላ እህል ነው፣ አይበቅልም፤ አዝማሪው ግን ያንተ ቆሎ በቅሏል፣ ይኸው እየጠበቀህ ነው አለው። ጥሩ ነው ብዬ ላጨበጭብ ስል ጋሼ ቆመ። ዓይኑ ታስሮ፣ አንድ ብርሌ ጠጥቶ፣ ከዱካው ተነሥቶ ቆመና ሁለት እጁን ዘርግቶ «ይበል! ይበል!» አለ። ባልየውም ተነሣ። ሴቲቱ፣ ያቺ ትከሻዋን የቆጠበችው ዘፋኝ፣ እልልታዋን አቀለጠችው። አዝማሪው መሬት ሊስም ጎንበስ ሲል ጋሼ ትከሻውን ይዞ አነሣውና አቅፎ ሳመው። ቆዳው የሞቀው ማሲንቆ በመካከላቸው ተጨፍልቆ አንዴ ጮኸ።

ወርቁን የነገረኝ ወደ አልጋችን ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። «በቅሎ» አለኝ፤ «የበቀለ ብቻ አይደለም፤ የምትጋለበዋ በቅሎ ናት። ሊቅ ሲሆኑ በቅሎ ይቀርብልሃል። ትምህርትህን ጥለህ ብትሄድም የሊቅ በቅሎህ ተጭና ስትጠብቅህ ኖራለች ነው ያለኝ።» ከዚያ ሳቀ። «አራት ዓይና እሆናለሁ ብዬ ወጥቼ ባንድ ዓይን ገባሁ» አለ። አራት ዓይና የሚባለው አራቱን ጉባኤ የተማረ ነው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው በጣት ነው የሚቆጠረው። ባጃጁ ነጂ ምን እንዳሳቀን አልገባውም። ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ሐኪሙ «ስንት ጣት ነው?» ብሎ ሁለት ጣቱን ቢያሳየው ጋሼ «ጉባኤ ቃና» አለው።

የባንክ ልጆቹ በስልክ ቀድተውት ይሆን ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዱ ጀምሮ ነበር፤ የቀዳው የእንግዳውን ጀርባና የብርሌ ድምፅ ነው። ማሲንቆው እንደ ትንኝ ነው የሚሰማው። ላኩልኝ፣ አንዴ አይቼ አጠፋሁት።

እንግዲህ ለመሄድ ለምታስቡ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሂዱ፤ ከማታው ሦስት ሰዓት በፊት አትግቡ፣ አዝማሪው ራት ላይ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ሃምሳና መቶ፤ ግንባር ላይ በሞባይል መላክ አይቻልም። ብርሌው እፊታችሁ ይታጠብ በሉ፤ አይከፋቸውም። ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ ነፋስ አለው። ከአዝማሪው ፊት ለፊት ያለው ሦስተኛው ዱካ እግሩ ይወዛወዛል፣ ግን ከዚያ የተሻለ መቀመጫ የለም። ትልቅ መኪና ማቆሚያ የለም። እኔ አይሱዙዬን ማደሪያ ትቼ ነው የምሄደው። ከአባይ ማዶ የምታድሩ ከሆነ በአዲሱ፣ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ ላይ ማታ ሲያልፉ መብራቱ ውኃው ላይ ያምራል፤ ቀስ በሉ። ሒሳባችሁን ራሳችሁ ደምሩ። ያን ማታ ያልጠጣነው ሁለት ብርሌ ገብቶብናል። ለባለቤቷ ስነግራት «ለአዝማሪው የተቀዳ ነው» አለች። ነግራን ቢሆን ደስ ብሎን እንከፍል ነበር፤ ሳትነግረን ስትጨምር ግን ደስ አይልም።

ቅዳሜ ግን አትሂዱ። እኔ ከወር በኋላ ሁለት የሥራ ጓደኞቼን ይዤ ቅዳሜ ሄድኩ፤ ስለዚያ ማታ ያልነገርኳቸው ነገር የለም። በሩ ላይ ሳንደርስ ነው የሰማነው፤ ኦርጋን ገብቷል። ድምፅ ማጉያው ሁለት ነው፣ አንዱ ይሰነጠቃል፣ ማሲንቆው ላይ ሽቦ ተለጥፏል። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ቄጠማው ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። አዝማሪው ያው ሰው ነው፣ ኩታውም ያው ነው፣ ግን ማይኩን አፉ ውስጥ አድርጎ የሚጮኸው «እሰይ ጎጃም» እና «እሰይ ጎንደር» ነው፤ ለያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ግጥም፣ ስሙ ብቻ እየተቀየረ። ጓደኞቼ አዩኝ። «ይሄ ነው?» አሉኝ። ምን ልበል?

እረፍት ሲያደርግ ጓሮ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ አገኘሁት። ላቡን በኩታው ይጠርጋል። «ታስታውሰኛለህ? ዓይኑ የታሰረው ሰው ወንድም ነኝ» አልኩት። «ኧረ ጌታዬ!» አለ፤ ሰላም ብሎኝ እጄን ያዘ። ለጋሼ ያለውን አስታወስኩት። «የቱን?» አለኝ። «በቀን ስንት እላለሁ።» ቅኔ ቤትም እንዲህ ነው፤ ትናንት የተነገረ ዛሬ አይደገምም፣ ጋሼ ነግሮኛል። ቢሆንም ከፋኝ። ቃል በቃል አልኩለት፤ ቆሎ አይበቅልም ብሎ ማን አታለለህ፣ የዘራኸው ሁሉ በቅሎ ጠበቀህ። እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ፤ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ይበል» አለኝ። «የማን ነው?»

ሁለት መቶ ብር እጁ ላይ አስጨበጥኩት። ከውስጥ ኦርጋኑ ጀመረ፤ ኩታውን አስተካክሎ ሮጦ ገባ።